ሰው ሲሞት ሥራ የማይቆምበት አገር

ጥያቄው፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰሞኑን የአልደስ ሃክስሊን ‹ብሬቭ ኒው ወርልድ› አንብቤ ጨረስሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ግራ ገባኝ። ጦርነት የለም፣ ረሃብ የለም፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ይኖራል። እኛ እዚህ አንድ ሌሊት በሰላም ተኝቶ ማደር ናፍቆናል። ታዲያ ይህ መጽሐፍ ለምን ዲስቶፒያ፣ የክፉ ዓለም ታሪክ፣ ተባለ? ለመረጋጋቱ የተከፈለው ዋጋ የቱ ጋ ነው? ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼስ ላስነብባቸው?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄሽን ካነበብሁ ሦስት ቀኔ ነው። ቶሎ ያልመለስሁት ቸል ብዬ አይደለም። ያቺ «አንድ ሌሊት በሰላም ተኝቶ ማደር» ያልሻት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብላኝ ነው።

መጀመሪያ፣ ግራ ገባኝ ብለሽ አትፈሪ። ሰላም የናፈቀው ሰው ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ቀድሞ የሚሰማው ቅናት ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስንት ዓመቴ፣ በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «እና ምን ጎደላቸው?» ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሃክስሊ ራሱ ጥያቄው እንዲነሳ አድርጎ ነው የጻፈው። ክፉ ገዥ አስቀምጦልን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሙስጠፋ ሞንድ የሚባለው የዓለም ተቆጣጣሪ ግን የተማረ፣ የሰከነ፣ እንዲያውም ደግ የሚመስል ሰው ነው። በወጣትነቱ ጎበዝ የፊዚክስ ሰው ነበር፤ ወይ ወደ ደሴት ትጋዛለህ ወይ ምርምርህን ትተህ ወደ ገዥነቱ ትገባለህ ሲሉት ሁለተኛውን መረጠ። ክርክሩም በዋዛ የሚጣል አይደለም። ዘጠኝ ዓመት የፈጀ ጦርነት ነበር፣ የአንትራክስ ቦምብ በየቦታው ይፈነዳ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ሰው ጸጥ ብሎ ለመኖር ሲል ምኑንም ለመስጠት ተዘጋጀ ይላል። የቆጵሮስንም ነገር ያነሳል። ደሴቲቱን ባዶ አድርገው 22,000 ብልጥ ብልጡን ብቻ፣ አልፋዎቹን፣ አሰፈሩባት። ስድስት ዓመት ሳይሞላ እርስ በርስ ተዋጉ። 19,000ው አለቁ። የተረፉት «እባካችሁ መልሳችሁ ግዙን» ብለው አመለከቱ።

መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና 14 ዓመቱ ነው፤ የዓለም ኢኮኖሚ ወድቆ ሥራ አጡ በየከተማው የሚሰለፍበት ጊዜ ነበር። የሃክስሊ አንባቢዎችም እንዳንቺ መረጋጋት የናፈቃቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ሞንድ የሚናገረው ለእነሱ ነው፤ ለእኛም ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። አብዛኛው ሰው «ነፃነት ነው የተከፈለው» ብሎ ይመልሳል። ልክ ነው። ግን ይህ መልስ ፈተና ላይ ማርክ ያሰጣል እንጂ አንጀት አይገባም። እኔ ሌላ ቦታ እንድታዪ እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ ልብ ወለድ በያዝሽ ቁጥር አንድ ነገር ፈልጊ፦ እዚያ አገር ሰው ሲሞት ምን ይደረጋል? ለቅሶ ቤቱ የት ነው?

ምዕራፍ 14ን መልሰሽ ክፈቺው። ጆን የሚባል፣ ከዚህ ሥርዓት ውጭ በሩቅ መንደር ያደገ ወጣት አለ፤ እናቱ ሊንዳ እየሞተች ነው። የተኛችበት ክፍል 20 አልጋ አለው፤ የእሷ መጨረሻው ነው። በየአልጋው እግርጌ ቴሌቪዥን አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። ሽቶው በየሩብ ሰዓቱ ይቀየራል። ሊንዳ ሶማዋን፣ እዚያ አገር ሐዘን እንዲያስረሳ የሚታደለውን ኪኒን፣ ወስዳ፣ ፈገግ ብላ፣ የቴኒስ ጨዋታ ታያለች። ልጇ እጇን ይዞ፣ በሕፃንነቱ የዘፈነችለትን እያስታወሰ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። በዚህ መሃል መንታዎች ይገባሉ። የስምንት ዓመት ልጆች፣ ሁሉም አንድ መልክ፣ ሁሉም ካኪ የለበሱ። ሞትን ሊለማመዱ ነው የመጡት። እዚያ አገር ሕፃን ከአሥራ ስምንት ወሩ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጠዋት ሟቾች ወደሚተኙበት ሆስፒታል ይወሰዳል። ምርጥ ምርጡ መጫወቻ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ሰው በሞተ ቀን ደግሞ ቸኮሌት ይሰጣቸዋል። ልጆቹ አልጋዋን ከበው ያፈጣሉ። አንዱ «ለምንድን ነው እንዲህ የወፈረችው?» ይላል። ጆን በጥፊ ሲለው የምትቆጣው ነርሷ ናት፤ ልጆቹን ታበላሽብኛለህ ብላ።

ከዚያ ሊንዳ ትሞታለች። ጆን ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ ይንሰቀሰቃል። ነርሷ ትጨነቃለች። የተጨነቀችው ለሟቿ አይደለም፤ ለእሱም አይደለም። ልጆቹ ሞት የሚያስለቅስ ነገር ነው ብለው እንዳያስቡ ነው። አንድ ሰው ያን ያህል ዋጋ እንዳለው ነገር! እና «ኬክ የሚፈልግ?» ትላለች። ልጆቹ ይንጫጫሉ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ኬኩን እየገመጠ ወደ ሬሳው ይጠቁምና «ሞተች እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ገጽ ሳነብ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ የልጅነቴ ሐምሌ ነው። ያደግሁት ቢቸና አካባቢ፣ ገጠር ነው። ሐምሌ ጤፍ የሚዘራበት ወር ነው፤ በሐምሌ አንድ ቀን ማባከን ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቃል። አንድ ቀን ማለዳ ጥሩምባ ተነፋ። ከእኛ በላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ አርፈው ነው። አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ ሁለት ትልም እንኳ አላወጣም ነበር። እዚያው ፈታቸው። ሞፈርና ቀንበሩ እርሻው ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ቀና ብዬ ሳይ በዚያም በዚህም ማሳ ሰው ሁሉ በሬውን እየፈታ ነው። ሽማግሌው ሀብታም አልነበሩም፣ ባለ ሥልጣን አልነበሩም። አባቴ እንዲያውም በድንበር ተጣልቷቸው ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አልቃሿ ተነስታ የሰውዬውን ነገር አንድ በአንድ ትጠራው ጀመር፤ አረማመዱን፣ በሬዎቹን በስም መጥራቱን፣ አንዴ በክረምት ወንዝ የሞላባቸውን ልጆች ተሸክሞ ማሻገሩን። እኔ ያን ቀን ነው ሽማግሌው ማን እንደነበሩ ያወቅሁት።

ለቅሷችን እንከን የለበትም አልልም። ለተዝካር ብሎ በሬውን ሸጦ ዓመቱን ሙሉ የተቸገረ ቤት አውቃለሁ፤ ያ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ግን ያ የተጋደመ ሞፈር ከዓይኔ አይጠፋም። አገር ምድሩ ሥራውን ያቆመው ለአንድ ሰው ነው።

አሁን ከዚያ ጎን የሚቀመጠውን ላሳይሽ። ከሃክስሊ በፊት የቭጌኒ ዛምያቲን የሚባል ሩሲያዊ ነበር፤ በሙያው የመርከብ መሐንዲስ። «እኛ» የተባለውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 ጻፈው። ጊዜው አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት የደቀቀበት ነው። እሱም መረጋጋቱን ከጦርነት ነው የሚያስጀምረው፤ የሁለት መቶ ዓመት ጦርነት ተደርጎ ከዓለም ሕዝብ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ተረፈ። የተረፉት በመስታወት ቤት ይኖራሉ። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ናቸው። የሚተርክልን ዲ-503 የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ትልቅ መንኮራኩር ያሠራል። አንድ ቀን ሞተሩ ሲሞከር አሥር የሚሆኑ ሠራተኞች ከእሳቱ ሥር ሳይሸሹ ቀሩ። ጥቀርሻና ፍርፋሪ ብቻ ሆኑ። ዲ-503 ምን ብሎ ይጽፋል መሰለሽ? የሥራችን ምት ለሰከንድ እንኳ አልተዛነፈም ይላል፤ በኩራት። አሥር ቁጥር ከጠቅላላው ምን ያህል ኢምንት እንደሆነ ያሰላል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ለዚህ ነው የሚያስፈራው። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው በእንግሊዝኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ አገሩ ውስጥ እስከ 1988 አልታተመም። ደራሲው ለስታሊን ደብዳቤ ጽፎ እንዲወጣ ተፈቀደለት፤ በ1937 ፓሪስ ላይ ሞተ።

ሦስተኛው ለተማሪዎችሽ የሚሆነው ነው። ሎይስ ሎውሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመችው «ዘ ጊቨር»። እዚያ መንደር ሁሉም ነገር ሥርዓት አለው፤ ጨዋነቱ ያስቀናል። ኬለብ የሚባል የአራት ዓመት ልጅ ወንዝ ገብቶ ሞተ። መንደሩ ዝም አላለም፤ ሥርዓት አለው። ቀኑን ሙሉ ሁሉም ሰው የልጁን ስም በሹክሹክታ ይጠራል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ አለፍ አለፍ እያሉ፣ ድምፁን እየቀነሱ፣ ስሙ ከሰው ልብ እስኪጠፋ ድረስ። በኋላ ለወላጆቹ ሌላ ሕፃን ይሰጣቸዋል። የእሱም ስም ኬለብ ነው። አሁን ደግሞ ድምፁን እየጨመሩ ይጠሩታል፤ የመጀመሪያው ተመልሶ የመጣ እንዲመስል።

ይህን ከአልቃሿ ጋር አስተያዪው። የእኛዋ ስሙን እየደጋገመች፣ ድምፅዋን ከፍ እያደረገች የምትጠራው ሰውዬው እንዳይጠፋ ነው። እነዚያ ስሙን የሚጠሩት እንዲጠፋ ነው።

ሎውሪ ይህን ከየት አመጣችው? በዚሁ መጽሐፍ ትልቅ ሽልማት ስትቀበል፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ራሷ ተናግራዋለች። አባቷ አርጅተው ትዝታቸው እየጠፋ ነበር። በወጣትነቷ የሞተችውን የሎውሪን እህት ፎቶ እያዩ፣ ደስ ብሏቸው ስሟን ይጠራሉ፤ ምን እንደ ደረሰባት ግን አያስታውሱም።  ሕመሙ የለም፤ ግን የልጅቱም መጨረሻ አብሮ ጠፋ። ደራሲዋን ያስጨነቃት ይህ ነው፤ ሕመም መርሳት ይመቻል፣ ግን ደህና ነገር ነው ወይ?

የጆርጅ ኦርዌልን «1984» አለፍ አለፍ ብዬ ላንሳው፤ ስለ ስለላው ብዙ ተብሏል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን የእናቱን አሟሟት የሚያስታውስበትን ገጽ ግን እይው። ዊንስተን እናቴ የሞተችበት ዓይነት ሐዘን ዛሬ ሊኖር አይችልም ብሎ ያስባል፤ ያ ሐዘን ፍቅርና ወዳጅነት የነበረበት ዘመን ነው ይላል። ፍርሃት ሞልቷል፣ ጥላቻ ሞልቷል። የቀረው ሐዘን ነው።

አየሽው? አራት ደራሲ፣ አራት የተለያየ ዓለም። ሁሉም ጋ መጀመሪያ የተከፈለው ለቅሶ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ለቅሶኛ ለእንደዚህ ዓይነት ሥርዓት አይመችም። መጀመሪያ ነገር ሥራ ያስቆማል። ሁለተኛ፣ «ይህን ሰው የሚተካው የለም» ይላል፤ የሞንድ ዓለም ደግሞ የቆመው ሁሉም ሰው ይተካል በሚለው ላይ ነው። እዚያ ሰው በማኅፀን አይፀነስም፤ በጠርሙስ ይፈለፈላል፤ ከአንድ እንቁላል እስከ 96 መንታ ይወጣል። አንዱ ቢሞት 95 ቀሩት፤ ምን ያስለቅሳል? አስከሬኑ እንኳ አይባክንም፤ ሲቃጠል ከእያንዳንዱ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ፎስፈረስ ይሰበሰባል፣ ለማዳበሪያ። ሦስተኛውና ዋናው፣ ያዘነ ሰው ይጠይቃል። ምን ገደለው? ማን ገደለው? ለምን?

ሃክስሊ ይህን በታሪኩ አካሄድ ነው የነገረን። ምዕራፍ 14 ላይ እናት ትሞታለች። ምዕራፍ 15፣ ከዚያው ሆስፒታል ሳይወጣ፣ ጆን ሠራተኞች ተሰልፈው ሶማ ሲታደሉ ያያል። ሊንዳ ባሪያ ሆና ሞተች፣ ሌሎቹስ ነፃ ይውጡ ብሎ ያስብና፣ መርዝ ነው እያለ ኪኒኑን በመስኮት ይበትነዋል። በጠቅላላው መጽሐፍ የምናየው ረብሻ ያ ነው። ያስነሳውም የእናቱ ሬሳ ያልቀዘቀዘለት ልጅ ነው። ፖሊስ መጥቶ ሶማውን በእንፋሎት ይረጭባቸዋል፤ በቴፕ የተቀዳ ለስላሳ ድምፅ ይለምናቸዋል። ሁሉም እየተቃቀፈ ይሳሳማል። ጸጥ አለ።

በቋንቋችን ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። እኛ «ፀጥታ» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ነው የምንጠቀምበት፦ ድምፅ ለማጣትም፣ አገር ደህና ለመሆኑም። ተማሪ ሲረብሽ «ፀጥታ!» እንላለን፤ ቀበሌ ላይ ደግሞ «የፀጥታ ጉዳይ» እንላለን። ሰላም ግን ሌላ ነው። ሰላም ስንገናኝ የምንጠያየቀው ነው፤ ቤትህ፣ ከብትህ፣ ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ እያልን፣ መልሱን ቆመን እየሰማን። የሞንድ ዓለም ፀጥታ አለው። ያ ክፍል፣ ሽቶው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ፀጥ ያለ ነው። አንቺ ናፈቀኝ ያልሽው ሰላሙ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ በቅናትሽ አትፈሪ። ሌሊት ተኝቶ ማደር መፈለግ ከሞንድ ጋር አያስማማሽም።

ማን እንደከፈለ ደግሞ እይ። ዋጋውን እኩል አልተካፈሉትም። ዝቅተኞቹ መደቦች ገና በጠርሙስ ውስጥ ሳሉ ኦክስጅን ይቀነስባቸዋል፤ መደቡ ዝቅ ባለ ቁጥር የበለጠ ይቀነሳል። ሳይወለዱ ከፈሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። ይህን ስናነብ የሩቅ አገር ነገር እንዳይመስለን፣ የራሳችን ሰው ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. የሰጡን በዚሁ በጎጃም ምድር አድርገው ነው። በዛብህን ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡት ሕፃን ነው፤ ማን ጠየቀው? የእነ ፊታውራሪ መሸሻ ሥርዓት የተረጋጋ ነበር፤ ሁሉም ወንበሩን ያውቃል። ይህ ልክ አይደለም ያለውን ሰው «ጉዱ ካሳ» አሉት። ዲስቶፒያ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ተማሪዎችሽ ጉዱ ካሳን ካወቁ ጆንን ለማወቅ አይቸገሩም። ማረሻውን ቀጥቅጦ የሰጠንን ቀጥቃጭ፣ የለበስነውን የሸመነልንን ሸማኔ፣ እዚህ ጣና ዳር ደንገል አስሮ ታንኳ የሠራልንን ሰው ስንት ዘመን እንዳናጋባ፣ እንዳናቀርብ አድርገን ኖርን። መንደሩ ሰላም ነበር እንላለን። እነሱን ጠይቀን አናውቅም።

አንድ ነገር ግን ለሃክስሊ ልጨምርለት። እሱም ራሱ ከመጽሐፉ ጋር ሙሉ በሙሉ አልተስማማም። እ.ኤ.አ. በ1946 በጻፈው መቅድም፣ ለጆን ከሁለት መጥፎ ምርጫ ሌላ አልሰጠሁትም፤ እንደገና ብጽፈው ሦስተኛ መንገድ እሰጠው ነበር አለ። ጆን ባደገበት መንደርም ግርፋት አለ፣ በሽታ አለ፣ እናቱን የሚያሳድዷት ሴቶች አሉ። ጆን ለሞንድ «ያለመደሰት መብቴን እፈልጋለሁ» ሲል ተማሪዎች ያጨበጭባሉ፤ እኔ አላጨበጭብም። ልጁ መጨረሻው ገመድ ነው። መከራን ከሩቅ ሆኖ ማጨብጨብ ቀላል ነው።

አሁን የራሴን ልንገርሽና ወደ ተማሪዎችሽ ልሂድ። ያሳደጉኝ አክስቴ ያረፉት መንገድ ተዘግቶ በነበረበት ሰሞን ነው። መርዶው በስልክ ደረሰኝ። ከባሕር ዳር ቢቸና እንኳን ለቀብር ለሰልስትም አልደረስሁም። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ አልሁ። ማታ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቶቼ ናቸው። አንዷ ንፍሮ ቀቅላ ይዛለች፤ አንዱ ወንበር ተሸክሟል። አክስቴን ከነሱ አንድም ሰው አያውቃቸውም፤ አይተዋቸውም አያውቁም። መጥተው ተቀመጡና «እስቲ ንገረን፣ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» አሉኝ። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ነገርኋቸው። ምዕራፍ 14ን ከዚያ ወዲህ ሳነብ የምፈልገው ያን ወንበር ተሸክሞ የመጣውን ሰው ነው። በዚያ ሁሉ አልጋ መሃል አንድ እንዲህ የሚል የለም።

ለተማሪዎችሽ ላስነብብ ወይ ላልሽው፦ አዎ፣ ግን ሙሉውን አትስጫቸው። እንግሊዝኛው የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ ይከብዳል፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰላችተው ይቀራሉ። አንዳንዱ ክፍልም ለዕድሜያቸው አይሆንም። «ዘ ጊቨር» ቋንቋው ቀላል ነው፤ በእሱ ጀምሪ። የኬለብን ገጽ አንብቡና አቁሚ። ከዚያ ከሃክስሊ ምዕራፍ 14ን ብቻ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ከባዱን ቃል በአማርኛ እየነገርሽ። ጥያቄ ቶሎ አትጠይቂ። ወረቀት ስጫቸውና መጨረሻ የሄዱበትን ለቅሶ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ በአማርኛ ይጻፉ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ከማንበብሽ በፊት ግን አንድ ነገር። በዚህ ዓመት ቤቱ ሐዘን የገባበት ልጅ ክፍልሽ ውስጥ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ቀድመሽ ለብቻው ጥሪውና ምን እንደምታነቢ ንገሪው። መውጣት ከፈለገ ይውጣ። መቀመጥ ከፈለገ አጠገብሽ ይቀመጥ።